እንግጫም አፍንጫ አለው

በጡረታ የተሰናበትሁ ዕለት፣ ፍኖተ ሰላም በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ አንድ ወጣት ባለሙያ ተነሥቶ ስለ እኔ ተናገረ። «አቶ ዘለቀ የላሜን ረግረግ ከሞት ያስነሡ ሰው ናቸው» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ስቀመጥ ግን ጆሮዬ ይግል ነበር። ልጁ አልዋሸም፤ የተናገረው ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለማረም ያስቸግራል። ላሜን ያስነሣሁት እኔ ብሆንም፣ መጀመሪያ የገደልሁትም እኔው ነኝ። ልጆቼን በልጅነታቸው «ጥፋታችሁን ሰው ሳይጠይቃችሁ ተናገሩ» እያልሁ አሳድጌያለሁ። ራሴ ያልፈጸምሁትን ትእዛዝ ለሌላ ሰጥቼ ልሞት አልፈልግም። ስለዚህ ይህን ጻፍሁ።

ላሜ ከጅጋ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሁለት ጉብታዎች መካከል የተኛ ረግረግ ነው። ከግርጌው ምንጭ ይወጣል፤ የሦስት ጎጥ ሰው ከዚያ ይቀዳል። ዳር ዳሩን እንግጫ ይበቅልበታል። እንግጫ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ረዥም ነው። ለማያውቅ ሰው ሣር ይመስላል። እኔም ለብዙ ጊዜ ሣር ነው ብዬ አምን ነበር።

ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የቀረውን የተማርሁት ከሰውና ከጭቃ ነው። ጎልማሳ ሳልሆን ቡሬ አጠገብ በነበረ አንድ የችግኝ ጣቢያ በጥበቃነት ተቀጠርሁ። መጋዘኑ ውስጥ ምስጥ የጀመራቸው መጻሕፍት ነበሩ። ምስጡ ሳይጨርሳቸው ልጨርሳቸው ብዬ ማንበብ ጀመርሁ። የማይገባኝን ቃል በከሰል ግድግዳ ላይ እጽፍና ያለፈ ያገደመውን ሁሉ እጠይቅ ነበር። ከጥበቃ ወደ ችግኝ ማፍላት ተዛወርሁ፤ ከዚያ የሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆንሁ፤ በመጨረሻም የምንጭና የረግረግ ጉዳይ ሠራተኛ ተባልሁ። ደመወዙ? ደመወዙ እንደ ደመወዝ ነበር። ልጆቼ አልተራቡም፤ ጠገቡም አልልም።

የጣቢያው ካቦ፣ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ፣ አያ ቢተው ይባላሉ። ሰውየው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ነበር። ስለ አንድ መሬት አስተያየት እንዲሰጡ ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚያደርጉት ጫማቸውን ማውለቅ ነበር። ሁለቱን በማሰሪያቸው ቋጥረው ትከሻቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፣ ሱሪያቸውን ይሰበስባሉ፣ ጭቃው ውስጥ ገብተው ይቆማሉ። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለመድገም የሚበቃ ጊዜ ያህል ዝም ብለው ይቆማሉ። የዞን አለቃም ይኑር የወረዳ፣ ያንን ዝምታ አያሳጥሩም። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ባለሥልጣን ሰዓቱን ቢያይባቸው «ጫማ ያደረገ ሰው ስለ ውሃ አይቸኩል» አሉት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

እኔን ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ትምህርት እንዲህ ነበር። ከረግረግ ዳር አንድ ዘንግ መዘው ሰጡኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሣር ነው፣ አያ።»

«በጣቶችህ መሐል አሽከርክረው።»

አሽከረከርሁት። እንደ ሣር አልዞር አለኝ፤ ጠርዝ ጠርዙ ይቆረቁራል።

«ስንት ጠርዝ?»

«ሦስት።»

«የሣር አገዳ ክብ ነው። ይህ ሦስት ማዕዘን ነው። እንግጫ ይባላል፤ የቀጤማ ወገን እንጂ የሣር ወገን አይደለም። ዓይንህ ሲያታልልህ ጣትህን ጠይቅ።»

ከዚያ በኋላ ረግረግ ማንበብን አስተማሩኝ። የረግረግ ካርታ የሚሳለው በተክል ነው ይሉ ነበር። ከውጭ ሰርዶ፣ ቀጥሎ እንግጫ፣ ወደ ውስጥ ቀጤማ፣ መካከሉ ላይ ፊላ። እንግጫው ያለበት መስመር እግርህን የሚያርስ፣ በበጋ ግን ቁርጭምጭሚትህን የማያልፍ ውሃ ያለበት ነው። እንግጫው ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ውስጥ ከሸሸ ረግረጉ እየደረቀ ነው፤ ወደ ውጭ ከወጣ እየሰፋ ነው። ይህን ያወቀ ሰው መሣሪያ ሳይዝ ውሃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ሥሩ ከመሬት በታች ጎን ለጎን እየተያያዘ ይሄዳል፤ ጭቃውን እንደ ጥሩ ስፌት ይይዘዋል። «ይህን ስፌት የፈታ ሰው መልሶ መስፋቱን ይወቅበት» ይሉ ነበር አያ ቢተው።

ከቡሬ ወደ ሊበን ተዛወርሁ። በሊበን የነበሩት አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጠባይ ግን ነበራቸው። ሪፖርት ሲቀበሉ የሚጠይቁት «ስንት ተተከለ?» ብቻ ነው። እኔ «የጸደቀውን ልንገርዎ?» ብል «እርሱን የሚጠይቀኝ የለም» ይሉኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ያልተጠየቅሁትን መናገር ተውሁ። ሰው የሚበላሸው እንዲህ ነው፤ በትልቅ ኃጢአት ሳይሆን ጥያቄ ሲያንስበት።

ከሊበን በኋላ ወደ ጅጋ መጣሁ። ቤት ሠራሁ፤ ልጆቼም እዚያው ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያን ጊዜ የውሃ ልክ መጠቀም፣ ቦይ መቀየስ፣ ተዳፋት ማስላት ከመጽሐፍ ተምሬ ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ያወቀውን ሁሉ ራሱ የፈጠረው ይመስለዋል። እኔንም ያዘኝ።

የላሜ ገበሬዎች ቢሮዬ መጡ። አፈ ጉባኤያቸው አያ ታደለ ነበር፤ ቀልደኛ፣ ጠንካራ፣ ሥራ የማይፈራ ሰው።

«ጋሼ ዘለቀ፣ ይህ ረግረግ ምን ያደርግልናል?» አለኝ። «አልቅት ያረባል፣ ጥጃ ያሰጥማል። ውሃውን ቢያወጡልን እኮ በቆሎ እንዘራበታለን።»

ሄጄ አየሁት። ጫማዬን አላወለቅሁም። የውሃ ልኩን ተከልሁ፣ ለካሁ፣ ገመድ ወጠርሁ። መሐሉን ሰንጥቆ የሚወርድ ቦይ ቀየስሁላቸው። ገበሬው በደቦ ቆፈረው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቀጥ ያለ ቦይ ቀይሼ አላውቅም፤ እንደ ክር ነበር። ውሃው እየተንጎራጎረ ሲወርድ ሳየው ደስ አለኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእኔም ጭምር መሆኑን ያኔ አላስተዋልሁም።

አያ ቢተው ጡረታ ወጥተው ቡሬ ተቀምጠው ነበር። ለለቅሶ ወደ ጅጋ ሲመጡ ወስጄ ቦዩን አሳየኋቸው።

«ጫማህን አውልቀህ ነበር?» አሉኝ።

«አያ፣ አሁን እኮ የውሃ ልክ አለን» አልሁ።

«እሺ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም «እሺ» ማለታቸውን ምርቃት አደረግሁት።

የመጀመሪያው ዓመት በቆሎ ሰው ይደብቅ ነበር። አያ ታደለ እሸት በኩንታል ይዞልኝ መጣ። በሁለተኛው ዓመት እንግጫው ወደ ውስጥ ሸሸ። አየሁት፤ ምን ማለት እንደሆነም ዐውቃለሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ይህንን ከሁሉ ይልቅ አፍርበታለሁ። በሦስተኛው ዓመት መሬቱ በበጋ ተሰነጣጠቀ፤ በቆሎው ቢጫ ሆነ፤ ምንጩም እንደ ጠላ ማጥለያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወንዝ ድረስ መውረድ ያዙ። እንግጫ የሚባል ነገር ላሜ ላይ አልቀረም።

በእኛ አገር የጳጉሜን መጨረሻ ልጃገረዶች ለአዲስ ዓመት እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። እየዘፈኑ ነቅለው፣ ጎንጉነው፣ ተሸክመው ይመለሳሉ። የላሜ ዳር ከጥንት የእነርሱ ነበር። የዚያን ዓመት ግን ባዶ ሜዳ ጠበቃቸው። ሲመለሱ በበራችን አለፉ። እኔ አጥር እየጠገንሁ ነበር። ዘፈናቸው እንዲህ ነበር፦

«ጋሼ ቦይ ቆፋሪው፣ ቦዩ አማረልህ ወይ፣
እንግጫችን የት ነው፣ እንውረድ ወይ ዓባይ?»

ከድምፆቹ መሐል አንዱን ዐወቅሁት። የልጄ የማስተዋል ድምፅ ነው። ያኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እንግጫ ነቀላ እንዳትሄድ ከልክያትም ነበር፤ ጨዋታ ነው፣ መጽሐፍሽን አንብቢ ብዬ። ቤት ስትገባ ቆሜ ጠበቅኋት።

«አባትሽን በአደባባይ ትሰድቢያለሽ?»

«አባ፣ አልሰደብኩዎትም» አለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። «ጠየቅንዎ እንጂ። እንግጫው የት እንደ ሄደ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ልመታት እጄን አንሥቼ ነበር። አልመታኋትም። መልስ የሌለው ሰው ነው የሚመታ።

በማግስቱ ላሜ ሄድሁና ጫማዬን አውልቄ ቆምሁ። እግሬን የነካው ደረቅ ጓል ነበር።

ገበሬዎቹን ሰበሰብሁ። ቦዩ ይደፈን አልሁ። ሸንጎው ተንጫጫ። አያ ታደለ ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ።

«ጋሼ፣ ቆፍሩ አሉን ቆፈርን። አሁን ድፈኑ ይሉናል። ለከርሞ ደግሞ ምን ያዙን ይሆን? ተራራውን አዙሩት ይሉን ይሆን?»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ተሳስቻለሁ» አልሁ። «ውሃውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምንጩን ያደረቅሁት እኔ ነኝ። እንግጫው ሲሸሽ አይቼ ዝም ያልሁም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

 ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን መሬት መታ መታ አደረጉና «የመንግሥት ሰው ተሳሳትሁ ሲል ጆሮዬ የሰማ ዛሬ ነው። ዳግመኛ ሳይሰማ እንዳይቀር ድፈኑለት» አሉ። ደግሞ ሳቁ፤ በዚህኛው ግን እኔም ሳቅሁ።

በበጋው ቦዩን በሦስት ቦታ ደፈንነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት ዋልካ አፈር እየሞላን ደረደርን፣ በእግር ረገጥን። መሬቱ ግን ባዶ ነበር። ሥር ካልያዘው ዋልካው አንድ ሁለት ክረምት ቢቆይ ነው፤ ጎርፍ ይወስደዋል። ውሃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እንግጫው መመለስ ነበረበት፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። ጡረታዬ ደግሞ እየቀረበ ነው። ያበላሸሁትን ለሌላ ሰው አውርሼ መሄድ አልፈለግሁም።

አሁን ወደ ዋናው ሽንፈቴ መጣሁ። ቦዩ ኩራት ነበር፤ ይህኛው ግን ሥራዬን ዐውቃለሁ ብዬ የሠራሁት ስሕተት ነው።

የችግኝ ሰው ነኝ። የችግኝ ሰው ሁሉን ነገር የሚተክለው በሐምሌ ነው፤ አገሩም በሐምሌ ይተክላል። ወደ ቡሬ አቅጣጫ ካለ ሌላ ረግረግ እንግጫ አስቆፈርሁ። የጭነት መኪናው ብዙ እንዲይዝልን፣ ቅጠሉም ውሃ እንዳያባክን ብዬ፣ ጫፉን በማጭድ አስቆርጬ እንደ ጎመን ጉቶ አሳጠርሁት። ለጽድና ለግራቪሊያ የለመድሁትን ዘዴ ነበር ለእንግጫ ያመጣሁት። የሦስቱም ጎጥ ሰው ወጣ፤ ትልቅ ትንሽ አልቀረም። ውሃው ጉልበት ይደርስ ነበር። ገመድ ወጠርን፣ በመስመር ተከልን። ከመሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ፎቶ አነሡ። እኔም በፎቶው መሐል ቆምሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጉቶው ጠቆረ። በአራተኛው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ ሸተተም። አንድም አልቀረ። አያ ታደለ ዳር ቆሞ በዱላው አንዱን ጉቶ እያገላበጠ ቆየ።

«ጋሼ፣ ተከልነው ወይስ ቀበርነው?» አለኝ።

 የዚያን ሁሉ ሰው የአንድ ቀን ጉልበት፣ በሐምሌ፣ አረም በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ጭቃ ውስጥ ቀበርሁት። የስንት ሰው ጤፍ እንደ ታረመና እንዳልታረመ አልጠየቅሁም፤ መልሱን ፈራሁት።

ለብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። ማስተዋል ያኔ የመምህርነት ትምህርት ልትጀምር ዝግጅት ላይ ነበረች። አንድ ቀን ከፊቴ ተቀመጠች።

«አያ ቢተውን ለምን አይጠይቋቸውም?»

«አፍራለሁ።»

«እኛ ስንሳሳት መምህራችሁን ጠይቁ እያሉ ይልኩን አልነበር? ስናፍር ደግሞ ይገርፉን ነበር።»

ይህች ልጅ የእኔው ልጅ ናት። ጠንካራ ቃል ስሰጣት አጠራቅማ አስቀምጣ ኖሯል። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቡሬ ሄድሁ።

አያ ቢተው ዓይናቸው ደክሟል፤ ጥላዬን እንጂ መልኬን አላዩም። ሁሉን ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ጭቃውን ሳልረግጥ ምን እላለሁ? ውሰደኝ» አሉ። ልጆቻቸው ተቆጡ፤ እርሳቸው ግን ምርኩዛቸውን አንሥተው ቆመው ነበር። ጅጋ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአያ ታደለ በቅሎ ላሜ ደረስን። ጫማቸውን አወለቁ፤ ማሰሪያውን እኔ ቋጠርሁላቸው። እኔም የራሴን አወለቅሁ። ገብተው ቆሙ፤ ዝም አሉ። አያ ታደለ ሊናገር ሲል በክርኔ ወጋሁት።

ከዚያ ጎንበስ ብለው አንድ የበሰበሰ ጉቶ አወጡና በጣታቸው ዳበሱት።

«ራሱን የቆረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አያ።»

«ቆርጠህ ከውሃ በታች ተከልኸው?»

«አዎን።»

«ዘለቀ፣ ራስህን ውሃ ውስጥ ብደፍቀው በምን ትተነፍሳለህ?»

ጉቶውን መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«እንግጫም አፍንጫ አለው። አፍንጫው ጫፉ ነው። ጭቃ ውስጥ ያለው ሥር አየር የሚያገኘው ከላይ በዘንጉ ወርዶለት ነው። አንተ አፍንጫውን ቆርጠህ፣ አፉን ደፍነህ፣ በሰልፍ አቁመህ አሰጠምኸው። ዛፍ መሰለህ እንዴ?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስሕተቱ የእኔም ነው፤ ማንበቡን እንጂ መትከሉን አላስተማርሁህም» አሉ።

እዚያው ጭቃ ውስጥ ቆመን አስተማሩኝ። ሐምሌ አይጠበቅም፤ ግንቦት ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃውን ካራሰው በኋላ፣ ውሃ ሳይቆም ይተከላል። ሥሩ ከነጭቃው በጓል በጓሉ ይነሣል። ጫፉ አይነካም። በገመድ አይተከልም፤ እግር በሚያርሰው ዳርቻ ላይ፣ ዳርቻው በሚሄድበት ይሄዳል። ውሃው ሲነሣ እርሱም አብሮ ያድጋል፤ ጫፉ ከላይ እንዳለ ይቀራል። «መስመር የምትወዱ እናንተ ናችሁ» አሉ። «እርሱ የሚወደው ዳር ነው።»

በሚቀጥለው ግንቦት የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። አልፈረድሁባቸውም። ሴቶች መጡ፤ ምንጩ የጠፋው ለእነርሱ ነዋ። አያ ታደለም ዶማውን ይዞ መጣ።

«አንተም መጣህ?» አልሁት።

«አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲቀበር አይቼ አላውቅምና ልየው ብዬ ነው» አለ። የዚያን ቀን ግን ከሁላችን ይልቅ የተከለው እርሱ ነው። ሁላችንም ባዶ እግራችንን ነበርን። እግር የረጠበበትን እየተከተልን፣ እየተጣመምን፣ ረግረጉን ዞርነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት የሰካራም ሥራ ይመስላል።

ሐምሌ ገባ፤ ውሃው ተነሣ። በየቅዳሜው እሄድ ነበር። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አስታውሳለሁ። ውሃው ዳርቻውን ውጦታል። ከውሃው በላይ ግን ጫፍ ጫፉ፣ ጣት ጣት የሚያህል፣ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። በሦስተኛው ቅዳሜ ከአሮጌው ጎን አዲስ ቀንበጥ እንደ መርፌ ሾሎ ወጥቶ አገኘሁ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ አሽከረከርሁት፤ አልዞርም አለኝ። ብቻዬን ነበርሁ፤ ጮኼ ሳቅሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ብቻዬን የሳቅሁበት ጊዜ ያ ነው። ቡሬ ደውዬ ነገርኋቸው፤ አያ ቢተው «ስንት ጠርዝ?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ሦስት» ስላቸው «እንግዲህ እርሱው ነው» አሉና ዘጉት።

በሁለተኛው በጋ ምንጩ አላቋረጠም። በሦስተኛው ጀሪካን ከሥሩ አስቀምጠው ሴቶች ጨዋታ ሳይጀምሩ ይሞላ ጀመር። እንቁራሪቱ ተመለሰ፤ ሽመላውም እንቁራሪቱን ተከትሎ መጣ። አያ ታደለ የራሱን የበቆሎ እርሻ ካጣበት ሐዘን ባይወጣም፣ በዳርቻው በበጋ ሣር እያጨደ ላሙን ስላጠገበ አፉን ያዘ። እኔ ረግረጉን በአጥር አስከበብሁ፤ ሰውም ከብትም እንዳይገባ ደንብ አስወጣሁ። ደንቡን የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው፤ በጣም ጥብቅ ደንብ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ፣ የጳጉሜን መጨረሻ ከሰዓት በኋላ፣ የልጃገረዶች ዘፈን ወደ ላሜ ሲመጣ ሰማሁ። ከፊት የምትመራው ማስተዋል ናት። አሁን የጅጋ መምህርት ናት፤ ተማሪዎቿን አስከትላ መጥታለች። አጥሩ በር ላይ ቆምሁ። አያ ታደለ ጥበቃ ሆኖ ከጎኔ ነበር።

«መግባት ክልክል ነው» አልሁ።

«አባ፣ እንግጫ ልንነቅል ነው።»

«ከስንት መከራ በኋላ የበቀለ ነው። ዘንድሮ አይነካም። ከርሞ ይታያል።»

«ከርሞም ከርሞ ይላሉ።»

አያ ታደለ «መምህርት፣ አባትሽ እንግጫውን ሊድሩት ነው መሰለኝ፤ እንዲህ አድርገው ለሴት ልጃቸውም አልተጠነቀቁ» አለ። ልጃገረዶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጋርደው ሳቁ።

ማስተዋል አልሳቀችም። ቀረብ አለችኝ። «አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቦዩን ሲቆፍሩ ማንን ጠየቁ?»

«ገበሬዎቹን።»

«እኛን የጠየቀን የለም። ይህ ረግረግ ለበቆሎ ነበር የሚፈለገው፤ ለእንግጫ የሚፈልገው ሰው ስላልተጠየቀ ደረቀ። አሁን ደግሞ አጥረው ሰው ካራቁት፣ እነዚህ ልጆች ሳያውቁት ያድጋሉ። እርስዎ ጡረታ ይወጣሉ። ሌላ ሰው የውሃ ልክ ይዞ ይመጣል። ያኔ ተዉ የሚለው ማን ነው?»

ልጃገረዶቹን አየሁ። ከመሐላቸው አንዳቸውም በላሜ እንግጫ ነቅለው አያውቁም፤ ሕፃናት ሳሉ ነበር የደረቀው። የቀረችኝ ፍርሃት አንዲት ነበረች፤ ሥሩ አብሮ ከወጣ ስፌቱ ይፈታል፤ ድፍኑም ይሄዳል። «አሳይኝ» አልኋት።

ጫማዋን አውልቃ ገባች። የመሐሉን ቀንበጥ በሁለት ጣቶቿ ከሥር ጠጋ ብላ ያዘችና ሳትጠመዝዝ ቀጥ አድርጋ ሳበችው። ለስለስ ብሎ ተመዘዘ፤ ግርጌው እንደ ወተት ነጭ ነው። ጎንበስ ብዬ ጭቃውን ዳበስሁ። ሥሩ ከነተያያዘበት እንዳለ ነው፤ የተነካ አይመስልም።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«እማዬ። እርስዎ መጽሐፍ ሲያነቡ።»

ባለቤቴን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ እንግጫ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ምስጥ የበላውን መጽሐፍ ግን ጠይቄ ነበር።

በሩን ከፈትሁት። ሁሉም በየተራ በፊቴ አንድ አንድ መዘው እንዲያሳዩኝ አደረግሁ፤ የጠመዘዘችውን አስደገምሁ። ከአንድ ጓል ከሦስት በላይ እንዳይነሣ አዘዝሁ። አያ ታደለ «ጋሼ፣ ፈተናውን ያለፈችውን በሰርተፊኬት ያሰናብቷት» ይል ነበር። ከዚያ ረግረጉን ሞሉት። ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ዘፈኑ ከዚህ ዳር ይነሣና ከዚያ ዳር ይመለሳል። ስለ እኔም አዲስ ግጥም አወጡ፤ ምን እንደሚል አልጽፈውም፤ ውዳሴ ስለሆነ።

እንግጫው ምን ሆነ ለሚል ሰው፣ ከጊዜው ቀድሜ ልንገረው። የመስቀል ሰሞን ሄጄ ጓል በጓል አየሁት። ከተነቀለበት ይበልጥ ጠንክሮ በቅሏል። አሮጌው ሲነሣለት ብርሃን አግኝቷል። ድፍኖቹም እስከ ዛሬ እንዳሉ ናቸው። ጥብቅ ደንቤ ተሻሽሎ፣ የጳጉሜን መጨረሻ በሩ ለልጃገረዶች ይከፈታል የሚል አንቀጽ ገብቶበታል፤ እርሱንም እኔው ጻፍሁት።

የአዲስ ዓመት ማለዳ ግን እንዲህ ነበር። ደጅ ተቀምጬ ፊቴን ስታጠብ ማስተዋል የጎነጎነችውን ይዛ መጣች። ልጃገረዶች ጉንጉናቸውን በምሰሶውና በጎታው ያስራሉ፤ ለወላጆቻቸውም በራሳቸው ላይ እያደረጉ ዕድሜ ይመኛሉ። እኔ በራሴ ላይ አስደርጌ አላውቅም ነበር። ልጆቼ ይዘው ሲመጡ «ለእናታችሁ አድርጉ» እያልሁ እመልሳቸው ነበር፤ የቤት ራስ ሣር አይጠመጥምም ብዬ። እርሷም ልማዴን ስለምታውቅ ወደ እናቷ ልታልፍ አለች።

«ነይ» አልኋት።

ቆመች። ጎንበስ አልሁላት። እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ውሃው በጆሮዬ ሥር ወረደ። «ከዘመን ዘመን ያሸጋግርዎ፣ አባ» አለች። «አሜን» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እናቷ ከበር ሆና «ቀስ በል፣ ይወድቃል» አለችኝ።

ከዚያ ወዳጅ ዘመድ እንኳን አደረሰህ ልል ወጣሁ። ጅጋ ገበያ መሐል ደርሼ ሰው ሁሉ ፈገግ እያለ ሲያሳልፈኝ አልገባኝም ነበር። አያ ታደለ ከሩቅ አየኝ፤ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሣ።

«ጋሼ ዘለቀ! ራስዎ ላይም ጸደቀልዎ?»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። እጄ ወደ ራሴ ሄደ። ዳበስሁት፣ ትንሽ ዘምሞ ስለነበር አቃናሁት፤ መንገዴንም ቀጠልሁ።